ለብቻው ለሚጫወት ሙዚቀኛ የሚበጀው ድምፅ ማጉያ የትኛው ነው?

ሠርግ ለሚደግስ ቤተ ሰብ የሚያሳስበው ነገር ብዙ ነው። የእህሉ፥ የመጠጡ፥ የዳሱና የእንግዳው መቀመጫ ነገር ከወራት በፊት ይመከርበታል። የሙዚቃው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለው ቀኑ ሲቀርብ ነው። «አንድ ኪቦርድ ተጫዋች እንጠራለን» ይባልና ይታለፋል። ሙዚቀኛው መሣሪያውን ተሸክሞ ከመጣ በኋላ ግን የበዓሉ መድመቅና መቀዝቀዝ የሚወሰነው ጣቶቹ ባላቸው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ወደ ሕዝቡ በሚያደርሰው በአንድ ሣጥን ጭምር ነው። ይህ ሣጥን ድምፅ ማጉያ የምንለው ነው።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን ቁረይሻ ላይ ያየነው አንድ ሠርግ ነው። ቁረይሻ በምሥራቅ ሱዳን፥ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር፥ ከኢትዮጵያ ጋር በሚዋሰነው ሜዳማ አገር የሚገኝ ወረዳ ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ፥ ሀብቱም ሰሊጥና ማሽላ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከትራክተር በቀር የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጥቂት ነው፤ በበጋ ደግሞ አቧራውና ሙቀቱ ለሰውም ለመሣሪያም የሚራራ አይደለም።

ያ ሠርግ የተደረገው አጨዳው አልቆ ምርቱ ከገባ በኋላ ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፤ አጥሩ እሾህ፥ ጣሪያው ሰማይ። ሙዚቀኛው ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ወጣት ሲሆን፥ ኪቦርዱን በብረት እግር ላይ አቁሞ፥ ያለውን አንድ ድምፅ ማጉያ ከጀርባው በአንገረብ ላይ አስቀምጦ ነበር። አንገረብ በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ነው። መጀመሪያ የዐረብኛ ዘፈን፥ ቀጥሎ የአማርኛ፥ ከዚያም የትግርኛ ጓይላ ተጫወተ፤ በዚያ አገር ሠርግ ሦስቱም ይጠየቃሉ። ድምፁ በቅርብ ለቆምነው ጆሮ የሚያደነቍር ሲሆን፥ ከአጥሩ ሥር ምግብ ለሚያዘጋጁት ሴቶች ግን የሩቅ ንብ ያህል ብቻ ይሰማ ነበር። እነርሱም «አልሰማንም» እያሉ ልጅ ላኩበት። እርሱም ከፍ አደረገው። ከፍ ባደረገው ቍጥር የከበሮው ድምፅ እየተሰነጠቀ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይንኳኳ ጀመር። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ገደማ ሣጥኑ በድንገት ዝም አለ፤ የተቃጠለ ሽቦም ሸተተ። ሴቶቹ እውነተኛውን ከበሮ አምጥተው በጭብጨባና በእልልታ ሠርጉን አዳኑት፤ የሙሽራው አባት ግን ለሙዚቀኛው ከተስማሙበት ገንዘብ ግማሹን ብቻ ሰጡት።

በማግሥቱ ጧት ወጣቱ ወዳረፍንበት ቤት መጣ። ገዳሪፍ ገበያ ያነሣቸውን የአራት ድምፅ ማጉያዎች ሥዕል በስልኩ አሳየንና፥ በካርቶኖቹ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንድናነብለት ለመነን። «ኡስታዝ፥ ያለኝ ገንዘብ ላንድ ብቻ የሚበቃ ነው፤ የሰሊጥ አረም ነቅዬ ያጠራቀምኩት ነው። ከነዚህ የትኛውን ልግዛ? እርስዎ ይንገሩኝ» አለን። ኡስታዝ በሱዳን ለመምህርና ለተማረ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኛም ካርቶኑን ማንበቡ ቀላል ሆኖ አገኘነው፤ የተጻፈው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ብዙ መጠየቅና ብዙ ማንበብ አስፈለገን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ለእርሱ የሰጠነው መልስ ነው።

በመጀመሪያ፥ አንድ ሰው ለብቻው በኪቦርድ ሠርግ መምራቱ የድኻ ብልኀት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ሁለት ምስክር እንጥራ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ጃንትራ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው የገዳሪፍ ኪቦርድ ተጫዋች ሙዚቃው በ2023 ኦስቲናቶ በተባለው አሳታሚ በኩል ለዓለም ቀርቧል፤ በአልበሙ ርእስ ላይም ያው የጠረፍ አገር የአልፋሽቃ ስም ተጽፏል። ጃንትራ በየሐፍላው ዘፈን ከዘፈን ሳይለይ፥ ሳያቋርጥ ለረዥም ሰዓት በመጫወት የታወቀ ሰው ነው። ከኛም አገር አቶ ኃይሉ መርጊያ አሉ። በአዲስ አበባ ከዋልያስ ባንድ ጋር ስመ ጥር ከሆኑ በኋላ በአሜሪካ ቀርተው፥ በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አስማምተው አንድ ካሴት ለብቻቸው ቀረጹ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ብዙ ዓመት ሲኖሩ፥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አይለይም ነበር፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ ይለማመዱበት ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቃቸው፤ ወደ መድረክም ተመለሱ።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ኪቦርድ ከድምፅ ማጉያ የሚፈልገው ነገር ዘፋኝ ብቻ ከሚፈልገው የተለየ ነው። ዘፋኝ የሚያስፈልገው ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው። የብቻ ኪቦርድ ተጫዋች ግን በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለ ባንድ ነው፤ በግራ እጁ ቤዙን፥ በቀኙ ዜማውን ይዞ፥ ከበሮውን ከመሣሪያው ውስጥ ያወጣል፤ በላዩም ይዘፍናል። 61 ቁልፍ ያለው ተራ ኪቦርድ በመደበኛ አቃኘቱ ዝቅተኛው ድምፅ በሴኮንድ 65 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ነው፤ በምቱ ውስጥ የሚሰማው ቤዝ ግን ከዚያም ወርዶ 41 ሊደርስ ይችላል። የዚህ ርግብግቢት መለኪያ ኸርዝ ይባላል። ይህን ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ አየር ለመግፋት ደግሞ ሰፊ ሸራ ያለው ተናጋሪ ይፈለጋል። ትንሽ ሣጥን በብልኀት የወፍራሙን ድምፅ ጥላ ሊያሰማ ይችል ይሆናል፤ ሕዝቡ እግሩን የሚያነሣበትን የከበሮ ምት ግን በሜዳ ላይ ሊያደርስ አይችልም። ያ የተቃጠለው የወጣቱ ሣጥን የሞተው ይህን ሥራ በግድ እንዲሠራ በመታዘዙ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ገዢ የሚታለልበት የዋት ነገር ይመጣል። በካርቶኑ ላይ ዋት የሚለው ቍጥር ትልቅ ሆኖ ሲታይ ድምፁም በዚያው ልክ ትልቅ ይመስላል። እንዲህ አይደለም። ኀይሉ በእጥፍ ቢጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ መጕላት የሚለካበት ነው። ለጆሮ በእጥፍ ያህል ጐልቶ እንዲሰማ ግን 10 ዴሲቤል ገደማ፥ ማለት የኀይሉ ዐሥር እጥፍ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ኀይል ነው። የያማሃ ዲቢአር 12 ድምፅ ማጉያ ለምሳሌ 1000 ዋት ይባላል፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግን ከግማሹ ያነሰ ነው። ይህ ታዋቂው ፋብሪካ በግልጽ የሚጽፈው ነው፤ ስማቸው በማይታወቅ ሣጥኖች ላይ የሚለጠፈው ቍጥር ግን ከማስታወቂያ የሚቈጠር እንጂ ከልክ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ወጣቱን «ዋቱን ተወው፤ ከፍተኛውን ዴሲቤል ፈልግ» አልነው።

የዚህም ጥቅሙ በሜዳ ላይ ይታያል። ግድግዳ በሌለበት ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወድቃል። ሰሚው ከ1 ሜትር ወደ 32 ሜትር ቢርቅ ርቀቱ አምስት ጊዜ ታጥፏልና ድምፁ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። ያን የቁረይሻ ግቢ በርምጃ ለክተነው ከሙዚቀኛው እስከ ሴቶቹ ምድጃ ሠላሳ ሁለት ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሥዕሎቹን በዚህ መለኪያ መዘናቸው።

አንደኛው ቦዝ ኤስ 1 ፕሮ ይባላል። ባትሪው በውስጡ ነው፤ ክብደቱ 7 ኪሎ ግራም ገደማ፥ የወፍራም ድምፅ ተናጋሪው 6 ኢንች ነው። ባትሪው እስከ 11 ሰዓት ይቈያል ይባላል፤ ይህ ግን ዝግ ባለ ድምፅ ሲሠራ ነው፤ በሠርግ ድምፅ ያን ያህል መጠበቅ የለብንም። ከፍተኛ ድምፁ በ1 ሜትር 109 ዴሲቤል ነውና ከምድጃው ዘንድ ሲደርስ 79 ይቀራል፤ ያውም ለቅጽበት። እልልታና ጭብጨባ ያለበት ሕዝብ ይህን ሳይቸገር ይውጠዋል። ሁለተኛው ጄቢኤል ኢኦን ዋን ኮምፓክት ነው። ይህም ባለ ባትሪ ሲሆን 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ተናጋሪው 8 ኢንች፥ ከፍተኛ ድምፁ 112 ዴሲቤል ነው። ቤዙ ከፊተኛው ይሻላል፤ በሜዳ ላይ ያለው ዕጣ ግን ከፊተኛው ብዙም አይርቅም።

ስለ እነዚህ ሁለቱ ክፉ ለመናገር አይደለም። በቤት ውስጥ ለሚደረግ ሽምግልና፥ ለልደት፥ ለክርስትና፥ ለሠላሳና ለአርባ ሰው ምቹዎች ናቸው። ነዳጅ ሳይጠይቁ፥ ጐረቤት ሳያውኩ ይሠራሉ። በከተማ የሚኖር ሙዚቀኛ ቢጠይቀን ኖሮ ምናልባት እዚሁ ላይ እናቆም ነበር።

ሦስተኛው ሥዕል የዐምድ ቅርጽ ያለው ነበር፤ ከታች አንድ የቤዝ ሣጥን፥ ከላዩ ትናንሽ ተናጋሪዎች የተደረደሩበት ቀጭን በትር። ይህን ዐይነት በሙዚቀኞች ዘንድ ያስለመደው ቦዝ በ2003 ያወጣው ኤል ዋን ነው። በትሩ ድምፁን ወደ ሰማይና ወደ መሬት ሳያባክን ወደ ጐን በሰፊው ስለሚዘረጋው፥ በቅርብ ያለው ሳይደነቍር የሩቁ ሊሰማ ይችላል። ለአዳራሽ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ሙዚቀኛውም ከፊቱ ቆሞ ራሱን መስማት ይችላል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ በትሮቹ የሚገጣጠሙባቸው ቀዳዳዎችም የቁረይሻን አቧራ ስንት በጋ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። ያ ወጣት መሣሪያውን የሚያጓጕዘው በትራክተር ተጎታች ላይ መሆኑንም አልረሳንም።

አራተኛው ያ የጠቀስነው ዐይነት፥ በውስጡ የራሱ ማጉያ ያለው ተራ ሣጥን ነው። ባለ 12 ኢንቹ የያማሃ ዲቢአር 15.8 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከፍተኛ ድምፁም 131 ዴሲቤል ነው። በ32 ሜትር ላይ 101 ይቀራል ማለት ነው። ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 22 ዴሲቤል ስለ ሆነ፥ ያንን የሚያህል ድምፅ ለማግኘት ከመቶ በላይ ትናንሽ ሣጥኖች የሚሰጡትን ኀይል ያህል ይጠይቃል። ኪዩ ኤስ ሲ የተባለው ፋብሪካም ኬ 12.2 የሚባል የዚሁ ዐይነት ሣጥን አለው፤ ክብደቱ 17.7 ኪሎ ግራም፥ ድምፁ 132 ዴሲቤል ሲሆን፥ ዋጋው ግን ከያማሃው ከፍ ያለ ነው። የዱሮ ማጉያዎች ከባዶች የነበሩት በውስጣቸው ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር ስለ ነበረ ነው፤ በዛሬዎቹ በቀላል ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስለ ተተካ አንድ ሰው አንሥቶ ሊሄድ ይችላል። የእኛም ፍርድ በዚህ ላይ ዐረፈ፤ ለአንድ ብቻ ገንዘብ ያለው የሜዳ ሙዚቀኛ ደኅና ስም ያለው ባለ 12 ኢንች አንድ ሣጥን ይግዛ። በዚያው ገንዘብ ሁለት ደካማ ሣጥኖች ከመግዛት ይህ ይሻላል። ስለ ጡሩንባው ድምፅ ማጉያ የጠየቁንም ነበሩ፤ እርሱ ለጥሪና ለዐዋጅ የተፈጠረ ነው፤ ቃልን ሩቅ ያደርሳል፥ ቤዝን ግን ፈጽሞ አያውቅም።

ይሁን እንጂ የዚህ ሣጥን ትልቁ ጕድለት የራሱ ባትሪ የሌለው መሆኑ ነው። በዚያ ጠረፍ ኤሌክትሪክ በየመንደሩ አይገኝም፤ በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ ነገር ችግር ሆኗል። ወጣቱም የጠየቀን ይህንኑ ነው፦ «ቤንዚን ባይገኝስ?» መልሱ ከፈራው ይልቅ ቀላል ሆነ። ሣጥኑ በካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ቢባልም ሙዚቃ ሲጫወት በአማካይ የሚበላው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ መቶ ዋት ያህል ብለን ብናስብ፥ 12 ቮልትና 70 አምፔር ሰዓት ያለው የመኪና ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ እንኳ አራት ሰዓት ያህል ያጫውታል። ከግማሽ በላይ ማውረድ ባትሪውን ይገድለዋል። የባትሪውን ኀይል ወደ 230 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ግን ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠው ዐይነት መሆን አለበት፤ ርካሹ በዜማው መካከል ጕርምርምታ ይጨምራል። ጄኔሬተር ያለው ሠርግ ከሆነ ደግሞ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ መጀመሪያ ኪቦርዱ፥ በመጨረሻ ሣጥኑ ይከፈት፤ ሲዘጋ መጀመሪያ ሣጥኑ ይዘጋ። ብዙ ሣጥን የሚቃጠለው ጄኔሬተር ሲነሣና ነዳጁ አልቆ ሲንፈራገጥ ነው።

የቀረው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ እኛን ይበልጥ ያስገረመንም እርሱ ነው። ያ ወጣት ሣጥኑን በአንገረብ ላይ፥ ያውም ከጀርባው አስቀምጦ ነበር። ከጀርባ የሚመጣ ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ ስለሚገባ ፉጨት ይፈጥራል፤ እርሱም ፉጨቱን በመፍራት የድምፁን ቃና ያንቀው ነበር። በዝቅታ የተቀመጠ ሣጥን ደግሞ ድምፁን የሚሰጠው በመጀመሪያው ረድፍ ላሉ ሰዎች ጕልበት ነው፤ ቃል የሚለይበት ቀጭኑ ድምፅ በልብስና በሰውነት ይዋጣል። ሣጥኑ በመቆሚያ ላይ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ፥ ከማይክሮፎኑ ፊት ለፊትና ወደ ጐን ሲቆም ያው ሣጥን ሌላ ሣጥን ይመስላል። ከኪቦርዱ ጀርባ ሁለት መውጫ ያለው እንደ ሆነም፥ በአንድ ሣጥን የሚጫወት ሰው ሞኖ የሚል ጽሑፍ ካለበት ከግራው መውጫ ይሰካ፤ ከቀኙ ብቻ ከሰካ የሙዚቃው ከፊል ይጐድልበታል። ያ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀኙ ሲጫወት ኖሯል። ይህን ስንነግረው ዝም ብሎ ቈየና «እንግዲያው የሸጥሁላቸው ግማሽ ሙዚቃ ነዋ» ብሎ ሣቀ፤ ግማሽ ዋጋ ስለ ከፈሉት አባት ግን ያን ቀን አላነሣም።

ወደ ገዳሪፍ ሲወርድ የራሱን ኪቦርድ ተሸክሞ እንዲሄድ መከርነው። ከነጋዴው ስልክ በሚወጣ ዘፈን ሣጥን አይፈተንም፤ በስልክ ሁሉም ያምራል። የራሱን ምት ከፍቶ፥ የግራውን ዝቅተኛ ቁልፎች አንድ በአንድ ተጭኖ፥ የሚንቀጠቀጥ ብሎን ወይም የሚሰነጠቅ ድምፅ እንዳለ ይስማ፤ ከዚያም ሃያና ሠላሳ ርምጃ ርቆ ሌላ ሰው እንዲጫወት ያድርግ። ሣጥኑንም ያንሣው፤ ስመ ጥር ሆኖ ክብደቱ ከተባለው እጅግ የቀለለ ከሆነ በውስጡ ያለው ሌላ ነው።

ያገለገለ ባለ 12 ኢንች አገኘ። መቆሚያው ስላልተረፈው አንድ ብረት በያጅ በትራክተር ቱቦ ሠራለት። ከወራት በኋላ በዚያው ወረዳ በሌላ ሠርግ ስናገኘው ሣጥኑ በቱቦው ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ አቧራ እንዳይገባበትም የሰሊጥ ጆንያ ተሰፍቶለታል። ሌሊቱ ገፍቶ አንድ የቆየ የዐረብኛ ዘፈን ሲጫወት፥ ከአጥሩ ሥር ኪስራ ይጋግሩ የነበሩ አንዲት እናት ከምጣዳቸው ላይ ቀና ብለው የዘፈኑን ቃል እንደ ተሳሳተ ጮኸው ነገሩት፤ እርሱም ሣቀና ከመጀመሪያው ደገመላቸው።